ድንብላል የመሰለው አረም

(በ1919 ዓ.ም.፣ ሸዋ ውስጥ፣ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ፤ በእርሻቸው ስመ ጥር የሆኑት ጭቃ ሹም ወልደየስ ማልደው መጥተው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ መምህር ዘለቀን ይለምናሉ።)

ጭቃ ሹም፦ ያባረሩትን የሸማኔውን ልጅ ይመልሱት ነው የምልዎ፣ መምህር። እባክዎ።

መምህር፦ የልጅዎን ካሮት ከሥሩ ነቅሎ የጣለውን? እኔ እንኳ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር።

ጭቃ ሹም፦ ልጅ ነው፤ ይማሩት።

መምህር፦ ምቀኛ ነው እንጂ! የልጅዎ መደብ ከሁሉ አምሮ ነበር፤ ለመስቀል ለአገረ ገዥው ልናሳየው አስበን ነበር። ልጅዎ በንዳድ ሦስት ቀን ሲተኛ፣ ያ ልጅ ጊዜ ጠብቆ አጠፋው። መደባቸው ጎን ለጎን ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል?

ጭቃ ሹም፦ ጎመኑስ?

መምህር፦ የቱ ጎመን?

ጭቃ ሹም፦ በካሮቱ መሃል የተተከለው። አንዱም አልተነካም እኮ። ምቀኛ ጎመን ይምራል?

መምህር፦ ቸኩሎ ይሆናላ።

ጭቃ ሹም፦ የቸኮለ ሰው የነቀለውን አፈር አራግፎ፣ ሥሩን ወደ አንድ ወገን አድርጎ ዳር ላይ ይከምራል? ያ የአራሚ እጅ ነው።

መምህር፦ ካሮት የሚነቅል አራሚ ደግሞ የት አለ?

ጭቃ ሹም፦ ካሮት አይቶ የማያውቅ አለ።

መምህር፦ ጭቃ ሹም... ምን እያሉኝ ነው?

ጭቃ ሹም፦ ልጄ በትኩሳቱ መሃል «መደቤን አረም ዋጠው» እያለ ሲያለቅስ አንጀቴን በላው። ሰው ሳይነሳ መጥቼ አረምሁለት። ድንብላል የመሰለ ቅጠል አየሁ፤ ጎመኑን የሚያንቅ አረም መስሎኝ አንድ ሳላስቀር ነቀልሁት።

መምህር፦ እርስዎ! በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ይህ ከተሜ ለገበሬ ልጅ እርሻ ሊያስተምር መጣ» ብለው ያሳቁብኝ እርስዎ!

ጭቃ ሹም፦ እኔው ነኝ። አሁን እርስዎ ይሳቁብኝ።

መምህር፦ ሳቄም አልመጣ። ልጁ የተባረረው ሰኞ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ!

ጭቃ ሹም፦ አፈርሁ፣ መምህር። በየቀኑ እዚህ አጥር ድረስ እየመጣሁ ተመለስሁ። ሰዉም የሸማኔ ልጅ ነው ሲባል ቶሎ አመነ፤ እኔም ተመቸኝና ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወረደልኝም። አሁንም በእኔና በእርስዎ መሃል ይቅርልኝ። «ምሬሃለሁ» ብለው ቢመልሱት ምን አለበት?

መምህር፦ ያላጠፋውን ልማረው? አይሆንም። ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ።

ጭቃ ሹም፦ ልጄም ባለበት?

መምህር፦ ልጅዎም ባለበት።

ጭቃ ሹም፦ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ... ይሁን። መጀመሪያ ግን ሸማኔው ቤት ልሂድ። እግሩ ላይ እወድቃለሁ።

መምህር፦ ይቆዩ እስቲ፣ ጭቃ ሹም። ልጁ እኮ «እኔ ነኝ የነቀልሁት» ብሎ በአፉ አምኗል። ያላጠፋ ልጅ ምን ነክቶት ያምናል?

ጭቃ ሹም፦ ያመነው በስንተኛው አለንጋ ነው?

መምህር፦ ...በሰባተኛው። ይጠብቁኝ፣ ኩታዬን ልልበስ፤ አብረን ነው የምንወድቀው።