የፈናን እግርና የፈናን ዓይን

አርብ ጠዋት ጋሽ ጉደታ አሰላ መናኸሪያ በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው አዲስ የሩጫ ጫማ ያለበት ፌስታል፣ በሌላው የልጃቸውን የፈናንን ክንድ ይዘዋል። ጫማው እንዳይሰረቅ፣ ልጅቷም እንዳትሰወር መሆኑ ነው። ነገ አዲስ አበባ ላይ አንድ ክለብ ሯጮች ይመርጣል። እዚሁ አሰላ ደግሞ የጤና ኮሌጁ ፈናንን ለፊዚዮቴራፒ ትምህርት ተቀብሏታል፤ ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ ነው። መኪናው ላይ ከወጡ ኮሌጁ ቀረ ማለት ነው። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ታለቅሳለች፤ ጋሽ ጉደታ ግን ምን እንደሚያስለቅሳት ፈጽሞ አልገባቸውም።

ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም። በእኛ በአርሲ ቀጭንና ረጅም ልጅ መውለድ ጣጣ አለው። ገና ዳዴ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን እያየ «ይሄማ ሯጭ ነው!» ይላል። አጭር የወለደ ተገላገለ። ፈናንም እግሯ ረጅም ነውና ከልጅነቷ ጀምሮ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ሮጠች። አንደኛ ወጥታ አታውቅም፤ መጨረሻም ሆና አታውቅም። ሁልጊዜ መሐል ናት።

በዚህ መሐል የሰፈራቸው ሰው መምህርት ሙቢና ከባጃጅ ወረደች። ሙቢና ባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ ፈናንንም አስተምራታለች።

«ጋሽ ጉደታ! እንደምን አደሩ? በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ጌታ ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ ልጄ። ፈናንን ክለብ ላስመርጥ ነው። መምህሯ ነሽና እስኪ አንቺ ምከሪያት። እግዜር ለራሷ እግር ሰጥቷት ሳለ የሰው እግር ካላሸሁ ትላለች!»

ሙቢና ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች። «ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ እንጂ።»

«ፈናን ከሩጫ ስትመለስ ቤት ውስጥ ምን ታወራለች?»

ጋሽ ጉደታ አሰቡ። «ስለ ራሷስ ምንም። አብራት ስለምትሮጠው ስለ ኢፍቱ ግን ‹ቀኝ ትከሻዋን ትጥላለች፣ ለዚህ ነው ጉልበቷን የሚያማት› ትላለች። የሰው ወሬ ነው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሯጮቹ ልጆች ቤቴ ይሰለፋሉ። አንዷ እግሯን ትዘረጋለች፣ አንዷ ወገቤን ትላለች። ሳሎኔ እኮ ጤና ጣቢያ ሆነ! እሷም እራቷን ትረሳለች።»

«ልምምድ ለመሄድስ በጊዜ ትነሳለች?»

«እሱንማ ብርድ ልብሷን ገፍፌ ነው የማስነሳት።»

«በሉ እንግዲህ፣ እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ።»

«ምኑን ነገርኩሽ?» አሉ ጋሽ ጉደታ፣ ግራ ገብቷቸው።

«ጥንካሬዋን ነዋ! የሰው ሩጫ አይታ ጉድለቱን ትለያለች። ሰው ማንም ሳይቀሰቅሰው የሚነሳለት፣ ሌላው ሰው ፈልጎት የሚመጣበት፣ ሲሠራው ሰዓቱን የሚረሳበት ነገር አለ። ጥንካሬው ያለው እዚያ ነው። ግን ካልተማሩበት ሳሎን ውስጥ ይቀራል። ዛሬ በግምት ነው የምታሸው፤ ነገ ጅማት ብታበላሽስ?»

ጋሽ ጉደታ ተቆጡ። «ማየት ደግሞ ምን ጥንካሬ አለው? ዓይን ያለው ሁሉ ያያል! ሰው መግፋት ያለበት የሚከብደውን ነው። እኔስ አባቴ ሱቅ ክፈት ቢለኝ አልወድም ብዬ ጥዬ ሄድኩ?»

የሱቁን ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስኳር ፈልጎ የሄደ ሰው በሩን ዝግ ያገኘዋል፤ ጋሽ ጉደታ ሳጉሬ ከተማ የፈረስ ገበያ ውስጥ ናቸው።

ፈናን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «አባባ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። ብሮጥ እርስዎ ይደሰታሉ፤ ብተው ሰነፍ እባላለሁ። ግን ስሮጥ ልቤ ከፊቴ ያለችው ልጅ እግር ላይ ነው። መቅደም አይደለም የሚያምረኝ፤ ማቃናት ነው።»

ጋሽ ጉደታ መልስ ሊሰጧት አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ዓይናቸው አንድ የሚያልፍ ጋሪ ላይ ተተከለ።

«አንተ! ቁም! ቁም እባክህ!»

ጋሪ ነጂው ሚፍታ ልጓሙን ሳበ። «ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ፈረሱ የኋላ ግራ እግሩን ፈርቶ ነው የሚረግጠው። ሰኮናው ውስጥ የገባ ነገር አለ።»

«ኧረ ደህና ነው! አሁን ከቤት መውጣቴ እኮ ነው።»

«አንሳው ነው የምልህ!»

ሚፍታ እያጉረመረመ ወርዶ የፈረሱን እግር አነሳ። ሹል ጠጠር ተሰንቅሮበታል። «አጃኢብ! እኔ ከጀርባው ተቀምጬ ያላየሁትን!» ብሎ ጠጠሩን አወጣ፤ ጋሽ ጉደታን መርቆም ሄደ።

«አባባ» አለች ፈናን ቀስ ብላ፣ «የፈረስ እርምጃ እንዲህ የሚያውቁት ከፈረስ ቀድመው ስለሮጡ ነው?»

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ፈረስ ላይ የሚያዩትን እኔ ሰው ላይ አያለሁ። ከእርስዎ ነው የወረስኩት። እግሬን ሁሉም ያወድሳል፤ ስለ ዓይኔ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ጋሽ ጉደታ ያንን ዓይናቸውን አንድም ቀን ሥራ ብለው ጠርተውት አያውቁም። እሳቸው ከፈረስ ገበያ ሲመለሱ አባታቸው ባዩአቸው ቁጥር «ሥራ ፈት!» ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም አምነው ኖረዋል።

«ሙቢና» አሉ በመጨረሻ፣ «ለፈረስም እንዲህ ያለ ትምህርት አለ?»

«አለ እንጂ። የእንስሳት ሕክምና ነዋ።»

«በእኔ ጊዜም ነበር?»

ሙቢና አንገቷን ደፋች። «ነበር ጋሽ ጉደታ።»

ረዳቱ ብቅ አለ። «አባት! መኪናው ሞላ፤ ለእናንተ ቦታ ይዤአለሁ፣ ግቡ!»

«ሂድ ልጄ። አንሄድም» አሉ ጋሽ ጉደታ፤ የፈናንንም ክንድ ለቀቁ።

«ደግ አደረጉ» አለች ሙቢና። «ዘንድሮ በጉልበት ሕመም ስንት ጎበዝ ልጅ ሩጫ ትቶ ቤቱ ገባ! ፈናን ስትማር እነዚያን ታድናለች። እሷም በሰው ፊት የመሐል ሯጭ ከመባል ወጥታ በገዛ ሙያዋ ትከበራለች። እርስዎም ብርድ ልብስ ከመግፈፍ ያርፋሉ።»

«ጫማውስ?» አለች ፈናን፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ለኢፍቱ ስጪያት። ትከሻዋን ግን መጀመሪያ አቃኚላት» አሉና ፌስታሉን አስያዟት። «በይ አሁን ሂጂ፣ እንዳይዘጋብሽ!»

ፈናን ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ በኮሌጁ መንገድ በረረች። ባጃጆቹን አለፈች፣ የሚፍታን ጋሪ አለፈች። ጋሽ ጉደታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ይቺ ልጅ» አሉ ወደ ሙቢና ዞረው፣ ግራ እንደተጋቡ፣ «እንዲህ መሮጥ ትችል ኖሯል እንዴ?»