ትንፋሽ ተይዞ የተለካ ኮት

ልብስ ሰፊውና ልጁ ክርና ገበር በሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አዝራር እየመረጡ ሳለ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር የጫማ ማሰሪያ ሊገዙ ድንገት ገቡ። ባይገቡ ኖሮ የልብስ ሰፊው ውሸት ሳይነካ ልጁ በሰላም ትሸኝ ነበር፤ «በሰላም» የሚለው እንኳ እንዲያው ለአፍ ያህል ነው።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን የመለኪያ ሜትር ገበያ ሲሄድም፣ ሰው ሊጠይቅ ሲሄድም ማውለቅ ይረሳል። ርእሰ መምህሩም ገና ሲያዩት ፈገግ አሉና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። መድኃኒት ፋብሪካ መቀጠር ቀላል ነገር አይደለም። የራስሽ ክፍል ሰጥተውሻል አሉ። ሰርቪስም በር ድረስ እየመጣ ይወስድሻል አሉ።»

ልጅቱ አባቷን አየት አደረገችና ዓይኗን ወደ አዝራሮቹ መለሰች። የምትሄደው ሌላ ከተማ ወደሚገኝ ቤተ ክርስቲያን፣ የወጣቶች አገልጋይ ሆና ነው። ኬሚስትሪ መማሯ እውነት ነው። በዚያ ከተማ መድኃኒት ፋብሪካ መኖሩም እውነት ነው፤ አባቷ «እግረ መንገድሽን ብትጠይቂ ምን አለበት?» እያለ ደጋግሞ ነግሯታል። ተቀጥራለች ብሎ ለሰፈሩ ማውራቱን ግን ገና አሁን መስማቷ ነው። ክፍሉንና ሰርቪሱን ደግሞ ከራሱ አውጥቶ የቀጠላቸው ናቸው።

«ታዲያ ጉዞው መቼ ነው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«ሰኞ ጠዋት ነው፣ ጋሼ።»

የተጠየቀችው ቀኑን ነበር፤ ቀኑን መለሰች። የአባቷን ገበና ሰው ፊት ላለማውጣት የቀረውን ዋጠችው። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ጆሮው ጋለ። ብትቆጣው በተሻለው ነበር። ባለሱቁ አዝራሩን እየጠቀለለ «እንግዲህ የእኔንም ልጅ ታስቀጥርልኛለች» ብሎ ሲቀልድ፣ አብሮ ለመሳቅ ሞክሮ ሒሳቡን ከፈለ።

ሰው ውሸቱ ሲጋለጥበት ያፍራል። ልጁ ውሸቱን ስትሸፍንለት የሚሰማው እፍረት ግን ሌላ ነው፤ የሚቆጣው ሰው ያጣል፤ የሚያሳብበውም የለውም።

አዝራሩን ይዘው ወደ መስፊያ ቤቱ ተመለሱ። መስፊያ ቤቱ አንድ ክፍል ናት። በር አጠገብ የስፌት መኪናው፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሚለካ ሰው የሚቆምበት ዝቅተኛ የእንጨት መደብ አለ። በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው አንድ ልብስ ብቻ ነው፤ ግራጫው የልጅቱ ኮት፣ ከነጉርድ ቀሚሱ።

ልጅቱ አዝራሮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ነገ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ አይደል? መጋቢው ለስንብት ሲጸልዩልኝ ቤተሰብ አብሮኝ እንዲቆም ብለዋል።» እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤተሰብ ማለት እሱ ብቻ ነው።

«ነገ አስቸኳይ ሥራ አለብኝ ብዬሽ የለ።»

ሁለቱም ግድግዳውን አዩ። ሌላ የሚሰፋ ልብስ አልነበረም። ደግሞም ይህ ሰው በዕድሜው እሑድ ቀን መስፊያ ቤቱን ከፍቶ አያውቅም። ልጅቱ ግን ይህን አላነሳችበትም፤ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«ፋብሪካውን ለምን ነገርካቸው?»

ልብስ ሰፊው ካውያውን ሰካ፤ አወጣ፤ መልሶ ሰካ።

«ምን ልበላቸው ታዲያ? ልጅህ ያን ሁሉ ተምራ ምን ሆነች ሲሉኝ ኳስ ታቀብላለች ልበል? ጊታር ታስይዛለች ልበል? ርእሰ መምህሩ አንቺን እንደ ምሳሌ እያነሱ ስንቱን ልጅ ገሥጸውብሻል።»

«ኳስ እንኳን አልችልበትም፤ ታውቃለህ» አለች ፈገግ ብላ።

እሱ ግን ፈገግታውን አልተቀበለም። በልቡ የከረመውን ሁሉ አወጣው። ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱ ክፋት እንደሌለው፣ እሱም በሁለተኛው ረድፍ ከተቀመጠ ዘመን እንደሌለው፣ ነገር ግን ጸሎትና ሥራ ለየቅል መሆናቸውን ነገራት። በእሱ ጊዜ ለወጣት የተለየ አገልጋይ የሚባል እንዳልነበረ፣ ወጣት ማለት ወንበሩን ይዞ፣ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ እንደነበረ ተናገረ። ያላገባች ልጅ ብቻዋን በማታውቀው ከተማ የጎረምሳ መንጋ ይዛ ስትታይ ሰው ምን እንደሚልም ጠየቃት።

ልጅቱ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ በአክብሮት፣ ግን ቃሏን ሳታለዝብ መለሰች።

«አባዬ፣ ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያኑን ሄጄ አይቼዋለሁ። አጠገቡ ትልልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አሉ። ልጆቹ ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ናቸው፤ አባትም እናትም አጠገባቸው የለም። እሑድ ይመጣሉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ‹አሜን› ሳይባል ይወጣሉ። ዝም ብለው ይሰማሉ፤ አንተ እንዳልከው። አንዷ ግን ከማደሪያዋ ሰው እንዳባረራት፣ የት እንደምታድር እንደማታውቅ ማንም አልሰማም ነበር።»

«አንቺ እንዴት ሰማሽ?»

«ወንበር ስንሰበስብ ነገረችኝ። ወጣት ፊት ለፊት አስቀምጠህ ‹ችግርህን ንገረኝ› ብትለው ‹ደህና ነኝ› ነው የሚልህ። እጁ ሥራ ይዞ፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ነው የሚያወራው።»

«ለማውራት ለማውራት እዚህስ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«እዚህ መጋቢው አሉ፣ እናቶች አሉ፣ አንተ አለህ። እዚያ ግን እስከ ዛሬ ማንም የለም።»

ልብስ ሰፊው ወደሚያውቀው ሥራ ዞረ። ኮቱን ከግድግዳው አወረደና «ነይ ልበሺው፤ አዝራሩ የሚገባበትን ልይ» አላት።

መደቡ ላይ ቆማ ለበሰችው። ትከሻው ላይ ያዘ። ጀርባው ላይ ተወጠረ። ልብስ ሰፊው ሁለቱን የኮት ጫፎች ይዞ ቢስብ፣ አልገናኝ አሉ። እንደገና ሳበ። በዚህ ሁሉ ዘመኑ የሰፋው ልብስ ለባለቤቱ ጠቦ አያውቅም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካት፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ከጻፈው ልክ ጋር አስተያየው፤ አልገጠመም።

«ስለካሽ እንዲህ አልነበርሽም» አላት በቁጣ።

«ስትለካኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር።»

«ለምን ብለሽ?»

ልጅቱ እግሯን አየች። «አንተ ስለ ፋብሪካው ነበር የምታወራው። ይህን ለብሰሽ ብቅ ብትዪ ዓይተው አይመልሱሽም፣ አባትሽን ታኮሪያለሽ ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቃል ሰጥቼ ጨርሻለሁ። እንዳላሳዝንህ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ስል ትንፋሼም አብሮ ቆመ።»

የልብስ ሰፊው እጅ ኮቱን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ስለ አለካኩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሰፈሩ እናቶች ለትምህርት ቤት ልብስ ልጆቻቸውን ወደ እሱ የሚያመጡት በዋጋ ረክሶ አይደለም። ልጅ «ቀጥ በል» ሲሉት ሆዱን ይስባል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፣ ትንፋሹን ይይዛል። በዚያ ልክ የተሰፋ ልብስ በሳምንቱ ብብቱ ሥር ይተረተራል። ሜትር ግን ልጁን መደቡ ላይ ሲያቆመው «ተንፍስ ልጄ» ይለውና መለካቱን የረሳ ይመስላል። ውሻ አላችሁ ወይ፣ ስሙ ማን ነው፣ ከክፍል ማን ያስቀይምሃል እያለ ያጫውተዋል። ልጁ ስለ ውሻው ማውራት ሲጀምር ትከሻው ይወርዳል፣ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያን ጊዜ ነው ሜትሩ ሳይታወቅ ወገቡን የሚዞረው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እንዲህ ለክቷል። የገዛ ልጁን ሲለካ ግን ሙሉ ጊዜውን ያወራው ራሱ ነበር።

ልጅቱም ይህንኑ ነው ያነሳችው፤ እጅግ ዝግ ብላ።

«አባዬ፣ ይህ የምትንቀው ሥራ እኮ የአንተ ሥራ ነው። እነዚያ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ሰባኪውም በዚያ ልክ ይሰብክላቸዋል፤ ቃሉ አይስማማቸውም፤ ይሄዳሉ። እኔ የምሄደው ላጫውታቸው ነው። ከተነፈሱ በኋላ ወንጌሉን እንደ ልካቸው መስማት ይችላሉ። ይህን ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም፤ እዚህ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ካንተ ያየሁት ነው።»

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በልጁ እንዳፈረ ነበር የሚያስበው፤ ያፈረው ግን በራሱ እጅ ሥራ መሆኑን አሁን አወቀ። ርእሰ መምህሩ ፊት ከመስፊያ ቤት ከፍ ያለች ልጅ ማቆም ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን ከመስፊያ ቤቱ ያገኘችውን ይዛ ልትሄድ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ አልወጣለትም። ያወጣው መቀሱን ነው።

«አውልቂው» አላት።

የኮቱን ጎን ገልብጦ ስፌቱን ተረተረው። ከውስጥ የታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ብቅ አለ። ማንኛውንም ልብስ ሲቆርጥ፣ ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል ብሎ በየስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ያስተርፋል። አፉ የፋብሪካ ወሬ ሲያወራ፣ እጁ የለመደውን ሠርቶ ነበር።

«ይበቃል» አለ፤ ትርፉን በጣቱ እየለካ። «አሁን ቁሚ። ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርህ?»

«ያቺ ልጅ ማደሪያ አገኘች?»

ልጅቱ ነገረችው። አንዲት ባልቴት ጓዳቸውን እንደለቀቁላት፣ አሁን የምትቸገረው እናቷ ዘንድ ስልክ መደወል ፈርታ መሆኑን፣ ከሌሎቹ ልጆች አንዱ ሳቂታ እንደሆነና ሳቁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑን እንደሚያውክ አወራችው። ስታወራ እጇን ታወናጭፋለች። ልብስ ሰፊው ሜትሩን በትከሻዋ ላይ ሲያሳልፍ አላወቀችም። ጉርዱንም መሬት ላይ ለመቀመጥ እንዲመች ሊያሰፋላት ወሰነ፤ ኪስም ጨመረበት፣ ጠለቅ ያለ ኪስ፣ ጠመኔና ቁልፍ የሚይዝ።

እሑድ ጠዋት መስፊያ ቤቱ እንደ ወትሮው ዝግ ነበር። አባትና ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ ርእሰ መምህሩ በራቸው ላይ ቆመው አበባ ያጠጣሉ። ልብስ ሰፊው ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ይችል ነበር። እግሩም ሊያልፍ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ፋብሪካ ያልኩዎት ውሸት ነው» አላቸው። «ልጄ የምትሄደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወጣቶችን ልታገለግል ነው።»

ርእሰ መምህሩ ማጠጫውን ቀና አደረጉት። «ሰርቪሱስ?»

«በአውቶቡስ ነው የምትሄደው።»

«ያን ሁሉ ተምራ?» አሉ፤ ትላንት እሱ ራሱ በተናገረበት ቃል።

ልብስ ሰፊው ጆሮው እንደገና ጋለ። ልጁ ከኋላው ቆማ ትሰማለች። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ለርእሰ መምህሩ አስረዳቸው። ቤቱን ትቶ ለሥራ የሄደ ልጅ የሚሰማው ሰው ካላገኘ የጠራውን ሁሉ እንደሚከተል፣ የሚያዳምጠው ካገኘ ግን እናቱ ዘንድ እንደሚደውል፣ ደመወዙን እንደማያባክን፣ መጽሐፍ እንደሚገልጥ፣ ነገ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሌላ ልጅ ራሱ ወንበር እንደሚስብለት ተናገረ። ኬሚስትሪዋም እንደማይባክን፣ ማታ ማታ ትምህርት ላቋረጡት ልታስተምር እንዳሰበች ጨመረ። ይህን የመጨረሻውን የሰማው ትላንት ነው፤ ጉርዱን ሲያሰፋ።

ርእሰ መምህሩ ማጠጫውን መልሰው አነሡ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይርዳት» አሉና ወደ አበባቸው ዞሩ። ያመኑ አይመስሉም ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ስለ እሳቸው አላሰበም። እፍረቱ ገና አልለቀቀውም፤ ዳሩ ግን ከልጁና ከሙያው ላይ ተነሥቶ በውሸቱ ላይ፣ በልኩ ተቀምጧል።

መጋቢው የልጅቱን ስም ጠርተው ቤተሰቧን ወደ ፊት ሲጋብዙ፣ ልብስ ሰፊው ከሁለተኛው ረድፍ ተነሣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ መሆኑን ያወቀው ሰው ሲስቅ ነው። አላወለቀውም። አንድ ቃል እንዲናገር ሲጠየቅ ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበትና ወደ ልጁ ዞሮ፣ ሕፃን መደቡ ላይ ሲያቆም እንደሚለው ብቻ አለ፦

«ተንፍሺ ልጄ።»

ተነፈሰች። ኮቱ አልጠበባትም።