ፕሪንተሩን ያስነሡት ሊቅ

እንደምን ዋሉ እትዬ? ወገብዎን ተሻለዎት? ይህቺ ወንበር ናት የምትጎዳዎት፤ ይነሡልኝማ፣ ትንሽ ከፍ ላድርጋት። እንዲህ... አሁን ስክሪኑ ከዓይንዎ ትክክል ሆነ። በሩንማ ይተዉት፣ ክፍት ይሁን፤ አየር ይገባል። ከግድግዳው ወዲያ የተቀመጠ ሰው ቢሰማንስ? ምን ክፉ ነገር እናወራለን? እኛ ሰው እናመሰግናለን እንጂ!

ምን እየጻፉ ነው? የምስጋና ደብዳቤ? ከሹመት ጋር? እሰይ! «የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ»... ሲያምር። ይገባቸዋል። ዛሬ ጠዋት ርእሰ መምህሩ በስብሰባው ላይ «ፕሪንተሩን ማን አስነሣው?» ሲሉ ያ እጅ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣ አዩልኝ? እኔ ገና እጄን ከኪሴ እያወጣሁ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጥነት በትምህርት ካልሆነ በምን ይገኛል? እኔማ በራሴ ስጎረጉር የተማርኩ፣ በጊዜያዊነት የገባሁ፣ ይህቺኑ የኃላፊነት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ስጠብቅ የከረምኩ ሰው... ከማን ጋር ልወዳደር?

ስም አላነሣሁም እንግዲህ።

ግን ነገሩ እንዴት እንደነበር ላስረዳዎት? ማስረዳት እንደምወድ ያውቃሉ። ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩት ሰው ሁሉ በሚያውቀው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። አዲሱን ፕሪንተር ያመረተው ድርጅት ደግሞ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር አላዘጋጀም። ድራይቨር ማለት... አስተርጓሚ ይበሉት። ኮምፒውተሩ የሚለውን ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል። አስተርጓሚው ከሌለ ሁለቱ በአንድ ገመድ ተያይዘው ተቀምጠው አይግባቡም። ይኸው ነው። ከባድ ነው?

ታዲያ አንድ የተማረ ሰው፣ ሦስት የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብቶ የሰቀለ ሰው፣ ምን ያደርጋል? ከካርቶኑ ውስጥ ሲዲውን ያወጣል። ሲዲው ለሊኑክስ እንደማይሆን ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ግን ትልቅ ሰው ካርቶን ያነባል እንዴ? ጫኑት... እምቢ። ደግመው ጫኑት... እምቢ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ትዕግሥት አይሉኝም?

ከዚያ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር የመጀመሪያውን ስም መረጡና «አትም» አሉት። አተመ! መቶ ሃያ ገጽ፣ በየገጹ አናት ላይ አንድ መስመር፣ ሰው የማያነበው ምልክት። እኔ ብሆን እደነግጥ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው «ቫይረስ ነው» አሉ። ወረቀቱን ሰበሰቡና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት... እንዳይተላለፍ ነው መሰለኝ። ቀጥለው ፕሪንተሩን ውስጡን በአልኮል ጠረጉት። ጥጡን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ እትዬ። ለዚህ ክብር ስንቱ ታድሏል?

የስምንተኛ ክፍል ፈተና በማግሥቱ ነበር፤ ሁለት መቶ ተማሪ። እሳቸው ምሳ ወጡ። መቼም ሊቅ ሆዱ ባዶ ሆኖ አያስብም።

እኔ ምን ሠራሁ? ምንም። የፕሪንተሩን የሞዴል ቁጥር አየሁ። ኢንተርኔት ላይ ፍለጋ ስገባ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣ ታላቅ ወንድም አለው፤ የሚሰሙትም አንድ ቋንቋ ነው። ለታላቁ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው፣ ድራይቨር ጽፎለት አገኘሁ። ያንን ጫንኩና ለኮምፒውተሩ «ይህ ታላቁ ነው» ብዬ አስመዘገብኩት። የመጀመሪያው ገጽ ግርጌው ተቆርጦ ወጣ፤ የወረቀቱን መጠን ኤ ፎር አልኩት፣ ተስተካከለ። የሒሳብ ፈተናው ከነክፍልፋዩ ቁልጭ ብሎ ወጣ!

ይህኔ እሳቸው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ገቡ። ወረቀቱን አዩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?... «አየህ? አልኮሉ ሠራ!»

እኔም «አዎ ጋሼ» አልኩ። ሰው ከልቡ ደስ ሲለው ማን ይከለክለዋል? ደግሞስ በአደባባይ የሚናገር ሌላ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሌላ... እንዲህ ካልተጋገዝን ትምህርት ቤቱ እንዴት ይቆማል?

ጨረሱ? «በልዩ ጥበባቸው» የሚለውን ትንሽ ያድምቁት። አሁን «አትም» ይበሉት... ሰሙ? አንድም ፊደል አልጎደለም። ማኅተሙን ይምቱበትና እኔው አደርስላቸዋለሁ፤ የእኔ ውል እስከ ዓርብ ስለሆነ እስከዚያ መላላክ አያቅተኝም። በሚቀጥለው ወር ሦስት ፕሪንተር ይገባል አሉ፣ ሦስቱም ሌላ ሌላ ሞዴል። እንዴት ደስ ይላል! ሰው ችሎታውን የሚያሳይበት ካላገኘ ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ሹመቱን የፍቅር፣ ወንበሩን የምቾት ያድርግላቸው። እጃቸው የሚያርፍበት ሁሉ ሌላ ሰው ቀድሞ የሠራው ይሁንላቸው... አንድ ቀን እንኳ፣ አንዲት ቀን፣ ከተበላሸ ነገር ጋር ብቻቸውን አያስቀራቸው!