ከዘጠኝ ሰዓት በፊት

(ደሴ፣ ከአንድ የምርመራ ማዕከል በራፍ፤ ወይዘሮ ዘርፌ የጭንቅላታቸውን ኤምአርአይ ውጤት ሰምተው ወጥተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ትልቋ ልጃቸው ሰናይት ዳቦ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።)

ሰናይት፦ አንድ ዳቦ ነው እማዬ! አንድ ዳቦ ብትበዪ ሰማይ አይደፋም።

ዘርፌ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ሰናይት፦ አራት።

ዘርፌ፦ ዘጠኝ ሲሆን እበላለሁ።

ሰናይት፦ ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም? «ባዶ ሆድ መዋል ማይግሬኑን ይቀሰቅሳል» አለሽ።

ዘርፌ፦ ሰማሁ። ጎበዝ ነዎት ብሎም አመሰገነኝ። እዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከተው እንደ ቆርቆሮ ቤት ሲቀጠቅጡብኝ ንቅንቅ አላልኩም።

ሰናይት፦ አልፈራሽም?

ዘርፌ፦ ወንድምሽ አንዱዓለም ባሕር ሊሻገር ከሄደ ወዲህ፣ ፍርሃትም ለካ ያልቃል።

ሰናይት፦ ፎቶውን አይተሻል። ጭንቅላትሽ ውስጥ ነጫጭ ነጥብ ተበትኗል። ጾሙ ነው ያመጣው!

ዘርፌ፦ በሰው አፍ አትዋሺ። «ማይግሬን የቆየበት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ከምን እንደሚመጣ አጥርተን አናውቅም፣ ለክፉ አይሰጥም» ነው ያለው። ሽበት በይው። ላዩ ሲነጣ ውስጡን ማን ጠበቀው!

ሰናይት፦ ቀልጂ አንቺ። ትናንት ባልዲ አቅፈሽ ስታስመልሺ ማን ያዘሽ? ደሞ በበዓለ ኃምሳ ማን ይጾማል? የንስሐ አባትሽ ምን አሉ?

ዘርፌ፦ «ጾም የለም፣ ከስለትሽ ልፍታሽ» አሉ። እንቢ አልኳቸው።

ሰናይት፦ ለምን?

ዘርፌ፦ «የልጄን ድምፅ እስክሰማ ከዘጠኝ በፊት እህል አልቀምስም» ብዬ ነው ለማርያም የተሳልኩት። ስለቱን የተውኩ ቀን ልጄን ቀበርኩት ማለት ነው።

ሰናይት፦ እመቤታችን ርኅሩኅ ናት፤ አትቀየምሽም።

ዘርፌ፦ በሕማማት ራሴን ሊፈነክተኝ ሲደርስ፣ «ቻይው እማዬ፣ ይደውላል» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ ምን አገኘሽ?

ሰናይት፦ የፎቶው ነገር አስደንግጦኝ ነዋ።

ዘርፌ፦ ሐኪሙ ለክፉ አይሰጥም ሲል አለቀስሽ። ሰው ደህና ናት ሲሉት ያለቅሳል?

ሰናይት፦ ደስ ብሎኝ ነው።

ዘርፌ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አብሮት የሄደው የጎረቤታችን የአስካለ ልጅ ደውሏል። እልልታዋን ሰምቼ እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ብሄድ፣ በሯን ዘግታ ተደበቀችኝ።

ሰናይት፦ መጀመሪያ አንድ ጉርሻ ብቻ። ከዚያ ቤት እንሂድ። ጋሼ ሞላ ከወረኢሉ መጥቶ እየጠበቀን ነው።

ዘርፌ፦ ወንድሜ? በእርሻ ወቅት በሬዎቹን አቁሞ?

ሰናይት፦ ናፍቀሽው ነው።

ዘርፌ፦ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። ስንቱን ቤት ቀድሜ ገብቼ እህል ያስቀመስኩት እኔ ነኝ።

ሰናይት፦ እማዬ…

ዘርፌ፦ ተይው። መንገድ ላይ እንዳትነግሪኝ። በይ አምጪ ዳቦውን፣ እበላለሁ።