ሐይቅ ዳር ያለውን ሾላ የማጠጣበት ምክንያት

ክቡር የሕንፃ ሥራ ክፍል ኃላፊ፣ ክቡራን መሐንዲሶች፣ ግንበኞችና አናጢዎች፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ወንበር ደርድራችሁ፣ የክርስቲያኑንና የእስላሙን በግ ለየብቻ አርዳችሁ፣ ያውም በሥራ ሰዓት ተሰብስባችሁ ስላከበራችሁኝ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በተለይ ስለ ሥራ ሰዓቱ። ተቆጣጣሪ ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ለምሳ ወጥቶ የዘገየውን ስገሥጽ የከረምሁ ሰው፣ ዛሬ ክፍሉን በሙሉ ሥራ አስፈትቼ ስሄድ የሚገሥጸኝ አለመኖሩ፣ ጡረታ የሚሉት ነገር ጣዕም እንዳለው ያስረዳኛል።

«ንግግሩ አጭር ይሁን» ተብያለሁ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው አጭር ንግግር ከየት ያመጣል? ቢሆንም እሞክራለሁ።

ከመሰናበቴ በፊት የአንድ ሰው ጥያቄ ያለ መልስ እንዲቀር አልፈልግም። ጥበቃችን ሣህሉ፣ እነሆ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማኛል፣ ዘወትር ጎህ ሲቀድ ከሁላችሁ ቀድሜ እየገባሁ፣ አሁን ሁላችንም ጥላው ሥር የተቀመጥንበትን ይህን ሾላ በቅል ውሃ ሳጠጣ ሲያየኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና፣

«አባባ፣ ይህ ዛፍ ሥሩን ጣና ውስጥ ነክሮ የተቀመጠ ነው። የርስዎ አንድ ቅል ምን ይጨምርለታል?» አለኝ።

«ሥራዬ ነው» አልሁት።

«ሥራዎ ተቆጣጣሪነት አይደለም ወይ?»

«ያኛው በኋላ የመጣ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ለአንዳንዶቻችሁ፣ «አባባ አምሐን ትንሽ ሳይነካቸው አልቀረም» ብሎ እንደ ነገራችሁ ሰምቻለሁ። አልተቀየምሁም። ሐይቅ ዳር ቆሞ ዛፍ የሚያጠጣ ሰው እኔም ባይ ከዚህ የተሻለ አልናገርለትም ነበር። ዛሬ ግን ልመልስለት።

ነገሩ የሚጀምረው በጠላት ዘመን ነው። ባሕር ዳር ያን ጊዜ በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች፤ ከሣር ክዳን በላይ ቀና ብሎ የሚታይ ነገር ቢኖር ዛፍና አሞራ ነው። ጣሊያን መጣና፣ እዚሁ አጠገባችን፣ ለሠራዊቱ የውሃ ማማ፣ በማማውም አናት የሐይቁን ታንኳ ሁሉ የሚቃኝ ዘበኛ የሚቆምበት ሰገነት ላቁም አለ።

እኔ በዚያ ወራት ተማሪ ነበርሁ። አኩፋዳዬን አንግቤ በሰባታሚት በኩል ቁራሽ ስለምን፣ ወታደሮች ከመንገድ አፍሰው፣ ከገበሬው ከነጋዴው ጋር አንድ ላይ ነዱኝ። የሥራው አለቃ፣ እኛ ካቦ የምንለው ወፍራም ጣሊያን፣ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ምን ትችላለህ?» አለኝ።

«ቅኔ እቀኛለሁ፤ ዜማም ጀምሬአለሁ» አልሁ።

አስተርጓሚው ይህን በምን ቃል እንደሚያደርስ ቸግሮት ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «ውሃ ይቀዳል» አለልኝ። ወደ ሕንፃ ሙያ የገባሁት እንዲህ ሆኜ ነው።

ከእናንተ መካከል፣ «ለጠላት ግንብ ሠራህ?» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ከወንድሞቼ አንዱ ጫካ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጠመንጃ ፊት ቆሜ ቅል እሸከም ነበር። ጥሎ የሄደ ይያዛል፤ የተያዘው ይታሰራል፤ የታሰረው ተመልሶ መጣ ሲባል አልሰማሁም። በዚያ መካከል ሰው የሚስቀው ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ። ሳቁም እንደ ቁራሹ ተለምኖ የሚገኝ ነበር።

እናንተ ዛሬ ፎቅ የምትሠሩት በብረት ቱቦ መወጣጫ፣ በብሎን ተጠብቆ ነው። ያን ጊዜ ግን ሽቦና ምስማሩ ሁሉ ወደ መንገድና ወደ ድልድይ ስለሚሄድ፣ የመወጣጫው እንጨት የሚታሰርበት ጠፋ። ካቦውም ከሐይቁ ዳር ታንኳ ሠሪዎችን አስጠራ። ከነርሱ ጋር ሱሌማን የሚባል፣ ታንኳ የሚሠራበትን ቄጠማ፣ ደንገሉን፣ የጨበጠ እንደ ሆነ እጁን ዓይን የማይከተለው፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ የሚቀድም ሰው መጣ። ሱሌማን እንጨቱን ሁሉ በታንኳ ገመድ፣ በታንኳ ቋጠሮ አሰረው።

ጥበቡስ ጥበብ ነበረ፤ ነገር ግን የታንኳ ገመድ ዕድሜውን ሁሉ ውሃ ላይ የሚኖር ገመድ ነው፤ ሲርስ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። ታንኳ ተነሥቶ ወደ ሰማይ የወጣበት ጊዜ ስላልነበረ፣ ይህን አስቀድሞ ያሰበው ማንም የለም። መወጣጫው ከሰው ቁመት ከፍ እንዳለ ፀሐዩ ጠናበትና፣ ቋጠሮው ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቋቋ ጀመር። ሱሌማን ሽቅብ አየ፤ ወደ ሐይቁም አየ።

«ታንኳዬ ውሃ ጠማት» አለ።

በዚያ ቀን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ በዓለም ላይ አንድም ሰው የማይሠራው ሙያ ተወለደ፤ ስሙም ቋጠሮ አጠጪ ተባለ። ባለሙያው እኔ ነበርሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ግንበኛውና ባሬላ ተሸካሚው ሳይመጣ፣ ውሃ የሞላ ቅል ከጀርባዬ አስሬ፣ ጸሎቴን በአፌ ይዤ፣ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተሳብሁ ቋጠሮውን አንድ ባንድ አጠጣለሁ። ግንበኛው የሚወጣው በጠጣው ላይ ነው፤ አጠጪው የሚወጣው ግን በተጠማው ላይ ነው። የሙያው ምሥጢርም፣ አደጋውም ይኸው ነው።

ከላይ ስደርስ ዓባይ ከጣና የሚለይበት ድረስ ይታየኛል። ወደ ታች አላይም ነበር። ታች የነበሩት ግን እኔን ማየት አልተዉም፤ ውሃ ሊቀዱ የሚወርዱት ሴቶች እንስራቸውን አሳርፈው፣

«አምሐ፣ በቀለልህ ወይ?» ይሉኛል።

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አረም አብዝተህ ይሆናል።»

በዚያው ወራት፣ አሁን ከፊታችሁ በክብር የተቀመጠችውን ባለቤቴን ወይዘሮ የሺአረግን አሰብኋት። የዘጌው የዜማ መምህሬ የመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር በታንኳ ለገበያ ትመጣለች። ሽማግሌ ልልክ አሰብሁ። መሪጌታ ይህን ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ የትንሣኤ ሰሞን ቆሞ የነበረው ሥራ በተጀመረ ዕለት፣ ሳይነግሩኝ፣ ጥላቸውን ዘርግተው፣ አማች ልሁን የሚላቸው ሰው ምን እንደሚሠራ ሊያዩ ከሐይቁ ዳር ቆሙ።

እንግዲህ አስቡት። መወጣጫው በዓሉን ሙሉ በሚያዝያ ፀሐይ ሲጠማ ሰንብቷል። ከመካከሉ በላይ እንደ ደረስሁ የረገጥሁት እንጨት ከቋጠሮው ሾልኮ ሄደ፤ እኔም በሁለት እጄ ከላይኛው አግዳሚ ተንጠለጠልሁ። ሱሌማን ከታች፣

«አምሐ፣ ያዝ» አለኝ።

«ምኑን ልያዝ?»

«የያዝኸውን።»

ከዚያ የበለጠ ምክር በሕይወቴ አላገኘሁም። የያዝሁትን ይዤ፣ እርሱ ወጥቶ እግሬን ካንዱ ቋሚ እስኪያሳርፍልኝ ቆየሁ። ቅሉ ግን የሚይዘው ስላልነበረ፣ ወርዶ የካቦውን ባርኔጣ ከነካቦው አጠመቀው። መሪጌታ ጥላቸውን አጥፈው ሄዱ።

ሽማግሎቼ ዘጌ ሲደርሱ መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው።

«ልጁ ዜማው መልካም ነው፤ ጠባዩም አይከፋም። ነገር ግን በሰማይና በምድር መካከል ለሚንጠለጠል ሰው ልጄን ሰጥቼ በዓመቱ ጥቁር አላለብሳትም። ያ የሚያጠጣው ደረቅ እንጨት ያቆጠቆጠ ዕለት ኑና ውሰዷት።»

በጥንት ዘመን በበረሃ አንድ መነኩሴ ስለ መታዘዝ ብሎ ደረቅ በትር አጠጥቶ እንዳፈራለት መሪጌታም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የኔና የመነኩሴው ልዩነት፣ እርሱ ሚስት አለመፈለጉ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልቤ ተሰበረ። ብወርድ እታሰራለሁ፤ እኔ ብታሰርም በማግስቱ በተጠማው ቋጠሮ ላይ የሚወጡት ግንበኞች ናቸው። ባልወርድ የሺአረግን አጣለሁ። ይህን ለሱሌማን ስነግረው ገመዱን እየገመደ ሰማኝና፣

«ደረቅ እንጨት ነው ያሉት?» አለኝ።

«አዎ።»

«የምን እንጨት እንደ ሆነ አልተናገሩም?»

«አልተናገሩም።»

«በል እንግዲህ ነገ በሐይቁ በኩል ያለውን የመወጣጫውን የማእዘን እግር እለውጠዋለሁ። ተሰንጥቋል።»

እኔ ስንጥቁን አላየሁትም ነበር። በማግስቱ ከወዲያ ዳር አንድ የሾላ ግንድ ጎትቶ አመጣና፣ ጉድጓዱን አጥልቆ ተከለው። እኔም እንደ ልማዴ ከላይ ሳጠጣ፣ ከቋጠሮው የተረፈው ውሃ ሁሉ እየተንጠባጠበ በዚያ ግንድ ሥር ይሰበሰብ ጀመር። ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ለመውጣት እግሬን ሳነሣ፣ ከጉልበቴ ትይዩ፣ የድመት ጆሮ የምታህል አንዲት ቅጠል አየሁ። ያን ዕለት ቋጠሮውን እንዴት እንዳጠጣሁት አላስታውስም።

ሱሌማን ራሱ ታንኳውን ቀዝፎ መሪጌታን ከነልጃቸው ይዟቸው መጣ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ግንዱን በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ነጭ ወተቱ ፈሰሰ። ቀና አሉ።

«ይህ ነገር ተአምር ነው ወይስ ተንኮል?»

«እኔ ታንኳ ሠሪ ነኝ፣ መሪጌታ» አለ ሱሌማን። «የማውቀው ደንገል ብቻ ነው። ተአምር ለይተው የሚያውቁስ እርስዎ ነዎት።»

መሪጌታ ዞር ብለው ልጃቸውን፣ «ቢወድቅስ?» አሏት።

የሺአረግ በነጠላዋ ሥር ሆና፣ «የወደቀ እንደ ሆነ የማነሣው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን ቸገረዎ» አለች።

ያን ጊዜ ሳቁ፤ ማኅሌት የለመደ ድምፃቸው ከግንቡ እስኪመለስ ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ጣታቸውን ወደኔ አቀኑ።

«ቃሌን አላጥፍም። አንተም ግን ስማ። ልጄን የሰጠሁህ ይህ እንጨት እስከ ለመለመ ድረስ ነው። የደረቀ ዕለት መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ማማው አለቀ፤ ብዙ ሳይቆይም ጠላት ወጣ። የማማው ብረት ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ግንቡ ፈረሰ፤ መወጣጫውም ገና ቀድሞ ማገዶ ሆኖ ነበር። ነቃዮቹ ሁሉን ነቅለው ወደ አንዱ የማእዘን እግር ሲደርሱ ግን አልነቀል አላቸው። የኛ ክፍል ቢሮ ሲሠራ አጠገቡ ተሠራ። እነሆ፣ ከዚያ ዘመን ካቦውም፣ ማማውም፣ ሙያዬም ጠፍተው፣ የቀረን ይህ አሁን ጥላው ያረፈባችሁ ሾላ ነው።

ሱሌማንን ነፍሱን ይማርና እስከ ዕለተ ሞቱ ጠየቅሁት። «ያንን ግንድ አውቀህ ነው የተከልኸው?» እለዋለሁ። «ተሰንጥቆ ነበር» ይለኛል። ሌላ ቃል አላወጣም።

መሪጌታም በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ለገበያ ሲመጡ ከቤቴ በፊት ዛፉን ይጎበኙ ነበር። ካረፉ በኋላ ባለቤቴን፣ «እንግዲህ ማጠጣቱን ልተወው ይሆን?» ብላት፣ ከመሶቡ ላይ ቀና ሳትል፣ «አባቴ ቢሞቱ ቃላቸው ሞተ?» አለችኝ። ስለዚህ አልተውሁም።

ሣህሉ፣ ጥያቄህ ተመለሰልህ? ዛፉስ እኔን አይፈልግም። ጣና አለለት። እኔ ነኝ እርሱን የምፈልገው።

አሁን እንግዲህ፣ ወዳጆቼ፣ የምመርቃችሁ በሙያዬ ነው። የላላው ይጥበቅላችሁ፤ የደረቀው ይለምልምላችሁ። የምትወጡት ሌላው በጸሎትና በውሃ ባጸናው ላይ ይሁን፤ ለሚከተላችሁም እንዲሁ አጽንታችሁ የምታልፉ ያድርጋችሁ። ወደ ላይ ያወጣችሁ አምላክ በሰላም ያውርዳችሁ፤ ብትንጠለጠሉም «የያዛችሁትን ያዙ» የሚላችሁ ወዳጅ ከታች አያሳጣችሁ። የምትሠሩት ፎቅ የልጅ ልጆቻችሁ የሚስቁበት፣ ማንም ተነድቶ የማይገባበት ይሁን። አሜን በሉ።

አንተም ሣህሉ፣ ልጄ፣ አደራህን። ነገ ጎህ ሲቀድ ቅል ይዞ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ብታይ፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነው ብለህ እንዳትመልሰው። ሚስቱን እንዳይነጠቅ የመጣ ባል ነው ብለህ አስገባው።