መብራት ሲጠፋ የማይበላሽ ዲስክ

ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ ሀዋታ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አዲስ ላፕቶፕ አቅፋ፣ አጠገቧ ያለውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ትጠይቃለች።

"ወንድሜ፣ ሊኑክስ ላስጭንበት ነው። የትኛውን የፋይል ሥርዓት ልምረጥ? መብራት በጠፋ ቁጥር የማይበላሸውን ንገረኝ።"

"ኤክስት ፎር ይሁንልሽ፣ እታለም። ሊሠራ ያሰበውን አስቀድሞ ይመዘግባል። መብራት ድንገት ቢጠፋም፣ ሲመለስ መዝገቡን አይቶ ራሱን ያስተካክላል።"

"የድሮዬ እንዲህ አልነበረም። የባሌን ድምፅ እየገለበጥኩ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ዲስኩ አልከፈት አለ።"

"ማሌሽ፣ አይዞሽ። እንደገና ይቅረጽልሽ።"

"በጦርነቱ ሞቷል። የቀረኝ የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር።"

"ነፍስ ይማር። ዲስኩን አምጪልኝ እስቲ፣ ልሞክረው።"

"አንዱ የሙያ ጓደኛህ ሞከረልኝ። ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶውን መለሰልኝና 'አሁን ይሠራል' አለኝ።"

"ይኸኛውንም ቢሆን ብቻውን አትመኚው። በሌላ ዲስክ ላይም ገልብጪ።"

"እገለብጣለሁ።"

"ምን ልታስቀምጪበት ነው?"

"የልጄን ድምፅ። እሱም ልዝመት ብሎ ተነስቷል፤ ብለምነው እምቢ አለኝ።"

እኔ ፊቴን በመስኮቱ ወደ ማሽላው እርሻ አዞርኩ።