አውቶቡስ የሚያዝለው ሞተር

(አዳማ፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፤ በየንግሡ እየዞሩ ጧፍና ጥላ የሚሸጡት፣ ቤታቸውም አሮጌ አውቶቡሳቸው የሆነው ባልና ሚስት፣ ሞላልኝና እልፍነሽ፣ ሞተር መሸጫ ግቢ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሞተርና በአንዲት ትንሽ ስኩተር መሃል ቆመዋል።)

እልፍነሽ፦ አልኩህ እኮ! ይሄ ጎረምሳ እኔ አውቶቡስ ላይ አይወጣም!

ሞላልኝ፦ የምን ጎረምሳ? ሞተር እኮ ነው፣ እልፌ።

እልፍነሽ፦ አቋቋሙን እየው እስቲ። ደረቱን ነፍቶ ሰው ሊደበድብ የመጣ ይመስላል። ይቺን ትንሿን እንግዛና እንሂድ። ባለሱቁን ጥራው፣ መንገዱ ይሞላብናል።

ሞላልኝ፦ ምን ያንቆራጥጥሻል? እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በይ። ንግሡ እንደሆነ ገና ነው።

እልፍነሽ፦ ገና ነው እያልክ አምና የት አቆምን? ሰው ሁሉ መግቢያው ሥር ተሰልፎ፣ እኛ ከአሸዋ መኪና ኋላ! ያን ሁሉ ጥላ ተሸክሜ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።

ሞላልኝ፦ ለዚያ አይደል ታዲያ ሞተር የምንገዛው? አውቶቡሱ አንዴ ቦታ ከያዘ አይነቃነቅም፤ ፈቀቅ ካልን ሌላው ይገባበታል። ሞተሩን ከኋላ እናወርድና ውሃውንም ዕቃውንም በሱ እናመላልሳለን። ይሄ ደግሞ ሁለት ኩንታል ቢጭኑት አያቃስት!

እልፍነሽ፦ እሱ አያቃስትም፤ የሚያቃስተው የሚያወርደው ሰው ነው። ማነው በየበዓሉ የሚያወርደው?

ሞላልኝ፦ እኔ ነኛ።

እልፍነሽ፦ አንተ? ትናንት ጎማ ሲቀይር "ወገቤን!" ብሎ የጮኸው ታዲያ ማን ነበር?

ሞላልኝ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

እልፍነሽ፦ ይስማ! ለመሆኑ ለክተኸዋል?

ሞላልኝ፦ ለካሁት እንጂ። ሞተር መጫኛ ብለን ከአውቶቡሱ ኋላ ያስበየድነውን ብረት በክንዴ ለካሁ፣ ሞተሩንም በክንዴ ለካሁ። ልክክ ይላል።

እልፍነሽ፦ የኋላው በርስ?

ሞላልኝ፦ የቱ የኋላ በር?

እልፍነሽ፦ እዩልኝ እንግዲህ! ስንት ዓመት የኖረበትን ቤት በር አያውቀውም! በሹፌር በር ወጥቶ በሹፌር በር የሚገባ ሰው ምን ያውቃል? እኔ እጣቢ የምደፋበት፣ ከሰል የማወጣበት፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ የምቆምበት በርስ? ይሄ ግንድ ከተጫነበት ይከፈታል?

ሞላልኝ፦ እሱን እንኳ... አላሰብኩትም።

እልፍነሽ፦ አታስብማ።

ሞላልኝ፦ ቆይ፣ ይቺንስ አይተሻታል? ጎማዋ አምባሻ ታክላለች። ማርሽ እንኳ የላትም! አሰብ ድረስ ተሳቢ የነዳሁ ሰውዬ፣ እዚች ላይ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?

እልፍነሽ፦ ምንም አይልህ። የምትነዳው አንተ አይደለህማ።

ሞላልኝ፦ ማን ሊነዳ ነው?

እልፍነሽ፦ እኔ።

ሞላልኝ፦ ኧረ በሕግ አምላክ!

እልፍነሽ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። እይ፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው እግሩን ሳይሰቅል ይቀመጥባታል። እግሬ መሃል ጀሪካን ይቆማል። ማርሽ የላትም ስትለኝማ ጭራሽ ወደድኳት።

ሞላልኝ፦ የምትፈልጊውን እኔ ነድቼ አላመጣልሽም? አንቺ የት ልትሄጂ ነው?

እልፍነሽ፦ የምሄድበት አለኝ።

ሞላልኝ፦ የት?

እልፍነሽ፦ ተወኝ በቃ። ባለሱቁን ጥራው።

ሞላልኝ፦ አልጠራም። የት እንደሆነ ሳትነግሪኝ ከዚህ ንቅንቅ አልል። ቁልቢም ይቅር።

እልፍነሽ፦ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ ይወጣል?

ሞላልኝ፦ ይቅር አልኩሽ።

እልፍነሽ፦ ሐኪም ላመጣበት ነው! ይኸው!

ሞላልኝ፦ ማን ታሞ?

እልፍነሽ፦ የዝቋላ አቦ ለታ ትዝ ይልሃል?

ሞላልኝ፦ ደክሞኝ የተኛሁ ለታ?

እልፍነሽ፦ አልተኛህም። ራስህን ስተህ ነበር። ጠዋት የስኳር መርፌህን ወግተህ፣ "አቦ ደጅ መጥቼማ ሳልሳለም አልቀምስም" ብለህ በባዶ ሆድህ ዋልክ። ላብ አጥምቆህ ብጠራህ አትሰማ፣ ብነቀንቅህ አትነቃ።

ሞላልኝ፦ እልፌ...

እልፍነሽ፦ በግራ አውቶቡስ፣ በቀኝ አይሱዙ፣ ከኋላ በግ የጫነ መኪና። መውጫ የለም፤ ቢኖርስ ማን ይነዳል? ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሬ ሮጥኩ። በጎኔ ስንት ሞተር አለፈ መሰለህ! እጄን ዘርግቼ "ስለ አቦ!" እያልኩ ብጮህ፣ የምለምን መስሏቸው ሳንቲም ወረወሩልኝ።

ሞላልኝ፦ ሳንቲም?

እልፍነሽ፦ አንዱማ ዳቦ አስጨብጦኝ መርቂኝ አለ። መርቄው ሮጥኩ፣ ምን ላድርግ! ነርሷን እየጎተትኩ ስመለስ ከንፈርህ አመድ መስሏል። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ... ተወው።

ሞላልኝ፦ ስነቃ "እንቅልፍህን ጠገብክ?" ብለሽ ሻይ ሰጠሽኝ እኮ! ምነው ሳትነግሪኝ?

እልፍነሽ፦ ብነግርህ አውቶቡሱን ትሸጠዋለህ። ልጅህ ጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ እየጠበቀን አይደል? ገብቼ ምን ልሁን? ምራቴ ቡና ጠጡ፣ ፀሐይ ሙቁ እያለች ታስቀምጠኝ? ሰኞንም ማክሰኞንም አንድ ቦታ ከዋልኩ ደረቴ ይጨንቀኛል። ታውቀኛለህ።

ሞላልኝ፦ መሪ ይዤ ቢሆንስ ኖሮ? አንቺን ይዤ ገደል ብገባስ? መሸጥማ አለበት።

እልፍነሽ፦ አይሸጥም! ሳትበላ መሪ አትይዝም፣ አለቀ። የንስሐ አባትህም በሽተኛ ጾም የለበትም ብለውሃል፤ በራስህ ላይ የምትጨምር አንተ ነህ። ከአሁን ወዲያ መርፌህን ከወጋህ፣ የገና ጾምም ይሁን፣ የፈለገው ንግሥ ይሁን፣ እኔው አጎርስሃለሁ። ሕዝብ እያየ አጎርስሃለሁ!

ሞላልኝ፦ ልታዋርጂኝ ነዋ።

እልፍነሽ፦ ላኖርህ ነው።

ሞላልኝ፦ እሺ ይሁን፣ እበላለሁ። ግን ራሱን የሳተ ሰው እዚች ላይ እንዴት አድርገሽ ትጭኛለሽ?

እልፍነሽ፦ አንተን ማን ይጭንሃል! ነርሷን ነው የምጭናት።

ሞላልኝ፦ መንዳት ሳትችዪ?

እልፍነሽ፦ ሰሞኑን ጥርሴን ልታከም እያልኩ ስወጣ የት የምሄድ መሰለህ?

ሞላልኝ፦ ኧረ አንቺ ሴት! ጉንጭሽ አብጦ አይቻለሁ እኮ!

እልፍነሽ፦ ወድቄ ነዋ። አንድ ቀን ብቻ ነው የወደቅኩት። መንጃ ፈቃዴንም አውጥቻለሁ።

ሞላልኝ፦ እኔ ሞኙ፣ ማኘክ አትችልም ብዬ አጥሚት ሳማስል!

እልፍነሽ፦ ጓጉሎ ነበር፤ ግን ጠጣሁልህ። በል፣ ባለሱቁ ሞክሯት ብሎ ቁልፏን እላይዋ ላይ ትቶልናል፤ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ነድቼ ላሳይህ።

ሞላልኝ፦ ንጂ እሺ። እኔ በእግሬ እከተልሻለሁ።

እልፍነሽ፦ በእግርህ አትከተለኝም። እኔ መንዳቱን ለምጄዋለሁ፤ አሁን ደግሞ አንተ ከኋላ መቀመጥ ልመድ። ና ውጣ፣ ቀሚሴን እንዳትረግጠው።